ትልቁ አዳራሽና የገደል ማሚቶው

በአንድ ከተማ መካከል ሕዝብ ለልዩ ልዩ ጉዳይ የሚሰበሰብበት ሰፊ አዳራሽ መኖሩ ምን ይጠቅማል? እንዲህ ያለው አዳራሽስ ዛሬ ለሙዚቃ፥ ነገ ለጉባኤ፥ ከነገ ወዲያ ደግሞ ለስፖርት ሲያገለግል ሦስቱንም እኩል ሊያስተናግድ ይችላልን? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የመረጥሁት በሎንዶን ከተማ የሚገኘውን የአልበርት አዳራሽ ነው። የመረጥሁበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ አዳራሹ ከተከፈተ ከ150 ዓመት በላይ ስለ ሆነው መልካም ሥራውንም ጉድለቱንም ለመመዘን በቂ ጊዜ አልፎአል። ሁለተኛ፥ በፊዚክስ ክፍል ስለ ድምፅ የተማርነው ሁሉ በዚያ ሕንፃ ግድግዳና ጣራ ላይ እንደ መጽሐፍ ይነበባል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ።

የአዳራሹ አመሠራረት

በ1851 ዓ.ም. በሎንዶን ሃይድ ፓርክ በተባለው ሥፍራ ከብዙ አገሮች የመጣ የእጅ ሥራና የፋብሪካ ዕቃ የታየበት ታላቅ ኤግዚቢሽን ተደርጎ ነበር። ለዚህ ኤግዚቢሽን ከደከሙት ሰዎች መካከል ዋነኛው የንግሥት ቪክቶሪያ ባለቤት ልዑል አልበርት ነበሩ። ከኤግዚቢሽኑ ከወጪ ቀሪ ብዙ ገንዘብ ስለ ተገኘ ገንዘቡ ለጥቂት ሰዎች መከፋፈሉ ቀርቶ በከተማው ምዕራብ በኩል ሰፊ መሬት ተገዛበት። በዚያም መሬት ላይ ቤተ መዘክሮችና ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩ ታሰበ። በመካከላቸውም ለኪነ ጥበብና ለሳይንስ መሰብሰቢያ የሚሆን አንድ ታላቅ አዳራሽ እንዲቆም ልዑሉ ይመኙ ነበር። ነገር ግን ምኞታቸውን ሳያዩ ታኅሣሥ 14 ቀን 1861 ዓ.ም. በ42 ዓመታቸው አረፉ።

ከዚህ በኋላ ሄንሪ ኮል የተባሉ ትጉህ ሰው ሐሳቡን አንሥተው መግፋት ጀመሩ። ዕቅዱን የነደፉት ካፒቴን ፍራንሲስ ፎውክ የተባሉ የጦር ሠራዊት መሐንዲስ ነበሩ። እርሳቸውም በ1865 ዓ.ም. ስለ ሞቱ ሥራውን የዚያው የመሐንዲሶች ክፍል ባልደረባ ሄንሪ ስኮት ተቀብለው ፈጸሙት። ንግሥት ቪክቶሪያ ግንቦት 20 ቀን 1867 ዓ.ም. የመሠረቱን ድንጋይ ሲያኖሩ የአዳራሹ ስም በባለቤታቸው ስም እንዲጠራ አደረጉ።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ዘዴ አለ። ከ1,300 የሚበልጡ መቀመጫዎች ገና ሕንፃው ሳይቆም ለባለሀብቶች ተሸጡ። የአንዱ መቀመጫ ዋጋ 100 ፓውንድ ሲሆን፥ የገዛው ሰውና ወራሾቹ በመቀመጫው ለ999 ዓመት እንዲጠቀሙበት ውል ተጻፈ። በአገራችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ብዙዎች ተካፍለው ቻሉት። ይህ ውል በኋላ ዘመን ያመጣውን ክርክር ወደ ፊት እንመለስበታለን።

የሕንፃው አሠራር

አዳራሹ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ርዝመቱ 83 ሜትር፥ ወርዱ 72 ሜትር ያህል ሲሆን፥ የጉልላቱ ከፍታ 41 ሜትር ይደርሳል። ነዳፊዎቹ ይህን ቅርፅ የወሰዱት የጥንት ሮማውያን ከሠሩአቸው የትርዒት ሥፍራዎች ነው። በመካከል ሜዳ አለ፤ በሜዳው ዙሪያ መቀመጫዎች ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣሉ። ለግንቡ 6 ሚሊዮን ያህል ቀይ ጡብና 80,000 ያህል የተተኮሰ ጌጠኛ ሸክላ ገብቶበታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ጣራው ነው። በአገራችን ጎጆ ሲሠራ በመካከል ምሰሶ ይቆማል፤ የጣራውም ክብደት በምሰሶውና በግድግዳው ላይ ያርፋል። በትርዒት አዳራሽ መካከል ግን ምሰሶ ቢቆም ከምሰሶው በስተጀርባ የተቀመጠው ሰው ምንም አያይም። ስለዚህ ሮውላንድ ኦርዲሽ የተባሉት መሐንዲስ ያለ ምሰሶ የሚቆም የብረትና የመስተዋት ጉልላት ነደፉ። የብረቱ አካል በመጀመሪያ በማንቸስተር ከተማ ተገጣጥሞ ተፈተነ፤ ከዚያም እንደገና ተፈታትቶ ወደ ሎንዶን ተጓጓዘና በግንቡ ላይ ተተከለ።

ጉልላቱ እስኪገጣጠም ድረስ ከሥሩ በእንጨት ድጋፍ ተይዞ ነበር። ድጋፉ የሚነሣበት ቀን በደረሰ ጊዜ ጣራው ይወድቅ ይሆናል ተብሎ ስለ ተፈራ ከፈቃደኞች በቀር ሌላ ሰው በአካባቢው እንዳይቆም ተደረገ። ድጋፉ ሲነሣ ጉልላቱ በእውነት ዝቅ አለ፤ ዝቅ ያለው ግን 8 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ቆሞ ይገኛል። ከዚህ የምንረዳው ሒሳብ በትክክል ከተሠራ ብረትም እንደሚታዘዝ ነው።

የገደል ማሚቶው

ነገር ግን መሐንዲሶቹ ስለ ክብደት የነበራቸው ዕውቀት ስለ ድምፅ አልነበራቸውም። አዳራሹ መጋቢት 29 ቀን 1871 ዓ.ም. ሲከፈት ንግሥቲቱ በኀዘን ስለ ተነኩ ንግግሩን ያደረጉት ልጃቸው አልጋ ወራሹ ነበሩ። ንግግሩ በሁሉም ማእዘን ተሰማ፤ እንዲያውም በብዙ ቦታ ሁለት ጊዜ ተሰማ! አልጋ ወራሹ ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሲጀምሩ የመጀመሪያው ከጣራው ተመልሶ ይመጣ ነበር። በገደል አፋፍ ቆመን ስንጣራ ስማችንን መልሶ የሚጠራን የገደል ማሚቶ በንጉሣዊው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ከዚያም በኋላ በከተማው፥ «ደራሲ ሙዚቃውን በአንድ ቲኬት ሁለት ጊዜ የሚሰማበት ቤት» እየተባለ ሲቀለድበት ብዙ ዘመን ኖረ።

የዚህን ምክንያት በክፍል የተማርነው ትምህርት ይገልጽልናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ጆሮአችን ሁለት ድምፆችን ለያይቶ ለመስማት በመካከላቸው ቢያንስ የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ከዚህ ባነሰ ጊዜ ተከታትለው ከደረሱ ጆሮ እንደ አንድ ድምፅ ይቀበላቸዋል። ስለዚህ በትንሽ ክፍል ውስጥ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ ከዋናው ጋር ተዋሕዶ ያጎላዋል እንጂ አይረብሸውም።

አሁን ይህንኑ በአልበርት አዳራሽ እናስላው። ተናጋሪው ከመድረኩ ሲናገር ድምፁ ወደ ጉልላቱ ወጥቶ ወደ ሰሚው እስኪመለስ ከ80 ሜትር በላይ ይጓዛል። 82ን ለ340 ብናካፍል 0.24 ሰከንድ ይሆናል። ከተናጋሪው 15 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ግን ድምፁ በቀጥታ የሚደርሰው በ0.04 ሰከንድ ነው። ልዩነቱ 0.2 ሰከንድ ነው ማለት ነው፤ ይህም ጆሮ ለመለየት ከሚያስፈልገው ጊዜ እጥፍ ነው። ሰው በተለመደው አነጋገር በአንድ ሰከንድ ውስጥ አራት ወይም አምስት ፊደል ያህል ይናገራል። እንግዲህ ተናጋሪው «ሰላም» ቢል፥ «ላም» የሚለው ወደ ሰሚው ጆሮ በሚደርስበት ሰዓት «ሰ» ከጣራው ተመልሶ ይገባበታል። ንግግሩ ሁሉ እንዲህ ከተደራረበ ትርጉሙ ይጠፋል።

ነገሩን የባሰ ያደረገው የጉልላቱ ቅርፅ ነው። የተደፋ ሰታቴ የመሰለ ጎድጓዳ ጣራ፥ ጎድጓዳ መስተዋት የፀሐይን ጨረር በአንድ ነጥብ እንደሚሰበስብ ሁሉ፥ ድምፅን ሰብስቦ ወደ አንድ ስፍራ ይልካል። ስለዚህ በአንዱ መቀመጫ ላይ ማሚቶው ከዋናው ድምፅ የማያንስ ጉልበት ሲኖረው፥ ከዚያ ጥቂት ርቆ በተቀመጠው ሰው ዘንድ ደካማ ይሆናል።

መድኃኒቱ እስኪገኝ ድረስ ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ። በመጀመሪያ ከጉልላቱ ሥር ሰፊ የሸራ ጨርቅ ተዘረጋ። ይህ ፀሐይን ከመከላከሉም በላይ ማሚቶውን ጥቂት ቀነሰው፤ ነገር ግን አላጠፋውም። በ1949 ዓ.ም. ሸራው ወርዶ በምትኩ የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች ከመስተዋቱ ሥር ተገጠሙ። ይህም በቂ አልሆነም። በመጨረሻ በ1969 ዓ.ም. ከፋይበርግላስ የተሠሩ 135 ትልልቅ ሳህኖች ከጣራው ላይ ተንጠለጠሉ። ከታች ሲታዩ እንጉዳይ ስለሚመስሉ እስከ ዛሬ «እንጉዳዮቹ» ይባላሉ። ሥራቸውም ወደ ላይ የሚወጣውን ድምፅ ጉልላቱ ጋ ሳይደርስ መቀበል፥ ከፊሉን ማፈን፥ የቀረውንም በየአቅጣጫው መበተን ነው። የተበተነ ድምፅ እንደ ተበተነ ጦር ነው፤ አንድነቱ ስለሚጠፋ ጉልበት አይኖረውም። በ2001 ዓ.ም. እንደገና ተጠንቶ የእንጉዳዮቹ ቁጥር ወደ 85 እንዲቀነስና አቀማመጣቸው እንዲስተካከል ተደርጓል።

ሌላው ነገር የድምፅ ርዝራዥ ነው። የገደል ማሚቶ ማለት አንድ ድምፅ ተለይቶ ተመልሶ ሲሰማ ሲሆን፥ ርዝራዥ ማለት ግን ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመላለሰ ቀስ በቀስ እስኪጠፋ የሚሰማው ጉምጉምታ ነው። ይህን በመጀመሪያ በሒሳብ መንገድ የመረመሩት በአሜሪካ አገር የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዋላስ ሳቢን ናቸው። በ1895 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው አንድ የትምህርት አዳራሽ ውስጥ የመምህራን ድምፅ አልሰማ ስላለ እርሳቸው መፍትሔ እንዲፈልጉ ታዘዙ። በባዶው አዳራሽ አንድ ድምፅ እስኪጠፋ 5.5 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ሳቢን ከተማው ጸጥ በሚልበት በሌሊት እየመጡ፥ ከአጠገቡ ካለ ቴያትር የመቀመጫ ትራሶች እያስመጡ፥ የኦርጋን ድምፅ እያሰሙና በሰዓት እየለኩ ትራስ በተጨመረ ቁጥር ርዝራዡ ምን ያህል እንደሚያጥር መዘገቡ። ከዚህም የተገኘው ሕግ ቀላል ነው፤ አዳራሹ በሰፋ መጠን ርዝራዡ ይረዝማል፤ ድምፅ የሚመጥ ነገር በበዛ መጠን ርዝራዡ ያጥራል። ጡብ፥ ሲሚንቶ፥ መስተዋትና ብረት ድምፅን ይመልሳሉ፤ ጨርቅ፥ ሱፍና ትራስ ይመጣሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን ልብስ የለበሰ ሰው መልካም መጣጭ ነው። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» የሚለው ተረታችን በአዳራሽ ውስጥም እውነት ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ በመግቢያው ላነሣሁት ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ እዚህ ላይ ነው። ለኦርኬስትራ ሙዚቃ ሁለት ሰከንድ ያህል ርዝራዥ ውበት ይጨምርለታል። ለንግግር ግን ከአንድ ሰከንድ ብዙ ያለፈ ርዝራዥ ጉዳት ነው። ለስፖርት ደግሞ የሕዝቡ ጩኸት ቢያስተጋባ ተመልካቹን ያስደስተዋል እንጂ አያሳዝነውም። ስለዚህ ለሦስቱም እኩል የሚስማማ አንድ አዳራሽ ከጅምሩ አይገኝም፤ የሚገኘው አማካዩን መርጦ፥ እንደ ጉዳዩ መጋረጃውንና የድምፅ መሣሪያውን በመለዋወጥ ነው።

አዳራሹ የሰጠው አገልግሎት

ስለ ሙዚቃ ብንጀምር፥ ጀርመናዊው ሪካርድ ዋግነር በ1877 ዓ.ም. በዚህ አዳራሽ የራሱን ሙዚቃ መርቷል። በ1895 ዓ.ም. በሌላ አዳራሽ የተጀመረው «ፕሮምስ» የተባለው ዓመታዊ የሙዚቃ በዓል፥ ያ አዳራሽ በግንቦት 1941 ዓ.ም. በጦር አውሮፕላን ቦምብ ስለ ተቃጠለ ወደ አልበርት አዳራሽ ተዛወረ። እስከ ዛሬም በየበጋው ለሳምንታት ይደረጋል። በመስከረም 1963 ዓ.ም. ቢትልስና ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉት የወጣቶች ባንዶች በአንድ ቀን በዚያ መድረክ ተጫውተዋል።

ስለ ጉባኤ ደግሞ፥ ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ አልበርት አይንሽታይን ጥቅምት 3 ቀን 1933 ዓ.ም. በዚሁ አዳራሽ ቆመው በናዚ መንግሥት ምክንያት ከአገራቸው ለተሰደዱ ምሁራን እርዳታ እንዲደረግ ተናግረዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላም እርሳቸው ራሳቸው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ከዚያ ቀደም ብሎ የእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲሰጣቸው ሲታገሉ ብዙ ስብሰባዎች አድርገውበታል። በ1913 ዓ.ም. ግን የአዳራሹ አስተዳዳሪዎች ለዋናው የሴቶች ማኅበር በራቸውን ዘጉ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ለአየርላንድ ሠራተኞች በተደረገ ስብሰባ በዚህ አዳራሽ ከተናገሩት አንዷ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበሩ። እኚህ ሴት ኢጣልያ አገራችንን ከወረረች በኋላ በ1936 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የሚከራከር ጋዜጣ በሎንዶን ያቋቋሙ፥ በ1956 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው የኖሩና በ1960 ዓ.ም. አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት ናቸው። በአንድ አዳራሽ የተሰማ ድምፅ ሩቅ አገር ድረስ ማሚቶ እንዳለው ከዚህ ይታያል።

ስፖርትም አልቀረም። እኛ የሩጫ አገር ልጆች ስለ ሆንን ይህ የሚያስደንቀን ይመስለኛል፤ በታኅሣሥ 1909 ዓ.ም. በአዳራሹ ውስጥ ሙሉ ማራቶን ተሮጧል! ከሯጮቹ አንዱ በ1908 ዓ.ም. የሎንዶን ኦሊምፒክ ሊወድቅ ሲል ተደግፎ ስላለፈ ሜዳልያ የተከለከለው ኢጣልያዊው ዶራንዶ ፒየትሪ ነበር። ሯጮቹ ርቀቱን ለመሙላት አዳራሹን 524 ጊዜ መዞር ነበረባቸው። 42,195 ሜትርን ለ524 ብናካፍል አንዱ ዙር 80 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። በዚህ ጠባብ ዙር ላይ የሚደርሰውን የእግርና የራስ ድካም አንባቢ ይገምተው። በጥቅምት 1991 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓን ባህላዊ ትግል የሆነው የሱሞ ዋና ውድድር ከጃፓን ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በዚህ አዳራሽ ነው። በ2025 ዓ.ም. በዚሁ ወር ሱሞ እንደገና ተመልሶ መጥቷል። ቦክስና ቴኒስም በሜዳው ላይ ተደርገዋል፤ የኮሌጅ ተማሪዎችም በዚያው ይመረቃሉ።

ቦታው የማን ነው?

በጥንት ዘመን በአገራችንም ብዙ ሺህ ሕዝብ በአንድ ጣራ ሥር ይሰበሰብ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ የግብር አዳራሽ ሕዝቡ ተራ በተራ እየገባ ይበላ ነበር፤ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ የሚወሰነውም በማዕረግ ነው። እንግዲህ አዳራሽ ሲሠራ «ማን የት ይቀመጣል?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም።

በአልበርት አዳራሽ ሁለት ዓይነት መልስ አለ። የመጀመሪያው የ999 ዓመቱ ውል ነው። ዛሬም አዳራሹ ከሚይዛቸው ከ5,200 ከሚበልጡ መቀመጫዎች መካከል ከ1,200 የሚበልጡት የባለ ውሎቹ ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ቲኬታቸውን ከተተመነው ዋጋ በብዙ አስበልጠው ስለሚሸጡ፥ ለሕዝብ ጥቅም በቆመ ድርጅት ውስጥ ይህ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር በአደባባይ ተነሥቷል። ባለ ውሎቹ «ገንዘባችንን አውጥተን ያቆምነው እኛ ነን» ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ «ቤቱ የሕዝብ ነው» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ባለ ውሎች ባይኖሩ ግንቡ ባልቆመ ነበር፤ ሕዝብ ባይመጣ ደግሞ ግንቡ ባዶ ድንጋይ ይሆን ነበር። በእኔ አስተያየት ግን፥ አንድ ውል በተጻፈ ጊዜ ለሚመጡት ሠላሳና አርባ ትውልዶች ምን እንደሚያስከትል ማሰብ የጸሐፊዎቹ ግዴታ ነበር።

ሁለተኛው መልስ የተሻለ ነው። በፕሮምስ ጊዜ በመካከለኛው ሜዳ ላይ ያሉት መቀመጫዎች ይነሣሉ። ከዚያም ተማሪው፥ ሠራተኛውና ገንዘብ የሌለው ሁሉ በርካሽ ቲኬት ገብቶ ከኦርኬስትራው ፊት ለፊት ቆሞ ይሰማል። ሀብታሙ ዙሪያውን ከፍ ብሎ ተቀምጦ ሳለ ድሀው በቅርብ ቆሞ የቫዮሊኑን ገመድ ሲንቀጠቀጥ ያያል። እግር ይደክማል እንጂ ከዚያ የሚሻል ቦታ የለም።

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ሎንዶንን ለማወደስ አይደለም። በከተሞቻችን ትልልቅ አዳራሾች እየተሠሩ ስለ ሆነ ነው። በአዲስ አበባ በ1961 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ በ1963 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የጉባኤ ቤት ነው። በ2007 ዓ.ም. አዲሱን ሺህ ዓመት ለመቀበል ቦሌ አካባቢ የቆመው የሚሌኒየም አዳራሽ ደግሞ ለሙዚቃም ለኤግዚቢሽንም ለስብሰባም ሲያገለግል ቆይቶ፥ በ2020 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ የሕሙማን ማከሚያ ሆነ። ሰፊ ጣራ ያለው ቤት ያልታሰበ መከራ ሲመጣ እንኳ ለሕዝብ መጠጊያ እንደሚሆን ይህ ያስረዳል።

ወደ ቅርባችን እንምጣ። የእኛ ትምህርት ቤት አዳራሽ በመጠን ትንሽ ይሁን እንጂ ሥራው እንደ ታላቁ አዳራሽ ብዙ ነው። ፈተና እንፈተንበታለን፤ ቴያትር እናሳይበታለን፤ ክረምት ሲሆን መረብ ኳስ እንጫወትበታለን፤ የወላጆች ቀን ይከበርበታል። ወለሉ ሲሚንቶ፥ ጣራው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። በወላጆች ቀን ከኋላ የሚቀመጡት እናቶችና አባቶች «ምን አለ? ምን አለ?» ሲባባሉ ሁላችንም ሰምተናል። ይህም የሚደርሰው የልጃቸው ስም ለሽልማት በሚጠራበት ሰዓት ነው። ከሩቅ ቀበሌ ሥራ አስፈትቶ በእግሩ የመጣ አባት የልጁን ስም ሳይሰማ ከተመለሰ አዳራሹ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

በፊዚክስ መምህራችን ፈቃድ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን እንደ ሳቢን ሞከርን። በባዶው አዳራሽ ፊኛ እያፈነዳን ድምፁ እስኪጠፋ በስልክ ሰዓት ለካን፤ ከሦስት ሰከንድ በላይ ሆነ። ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ቀን ጥቂት ጸጥታ ለምነን ያንኑ ብናደርግ ከግማሽ በታች ወረደ። የኋለኛው ግድግዳ በባናና በወፍራም ብርድ ልብስ በተሸፈነ ጊዜ ደግሞ፥ አዳራሹ ባዶ ሳለ እንኳ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የቆመው ጓደኛችን በተለመደ ድምፅ የተነበበለትን የስም ዝርዝር ሳይሳሳት ጻፈው። ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ሐሳቦች ለትምህርት ቤታችን አስተዳደርና ለወላጆች ኮሚቴ አቀርባለሁ።

1ኛ፥ በኋለኛው ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ ቢሰቀል። መጋረጃው ለኳስ ጨዋታ ጊዜ ተሰብስቦ የሚታሰር፥ ለንግግር ጊዜ የሚዘረጋ ይሁን።

2ኛ፥ ገንዘብ ሲገኝ ጣራው ኮርኒስ ቢደረግለት። ይህ ርዝራዡን ከመቀነሱ በላይ የዝናቡን ጩኸት ያስታግሥልናል።

3ኛ፥ ድምፅ ማጉያው ከመድረኩ ላይ ብቻ ከፍ ተደርጎ እንዳይጮኽ። ድምፅ ሲጨምር ማሚቶውም አብሮ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይልቁንም ትንንሽ ማጉያዎች በጎንና በጎን፥ ለሰሚው ቅርብ ሆነው፥ በዝግታ ቢናገሩ ይሻላል።

4ኛ፥ በመድረክ የሚናገር ሁሉ ረጋ ብሎ፥ ቃልን ከቃል ለይቶ ይናገር። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

5ኛ፥ አዲስ አዳራሽ ለመሥራት በታሰበ ጊዜ መሐንዲሱ ስለ ግንቡ ጥንካሬ እንደሚጠየቅ ሁሉ ስለ ድምፁም ይጠየቅ። ከተሠራ በኋላ ማረም ሎንዶንን ያህል ከተማ እንኳ ከ1871 እስከ 1969 ዓ.ም. አድክሟል።

ጓደኞቼ ሆይ! ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ የሚሆን፥ ሙዚቀኛ የሚሆን፥ የከተማ አስተዳዳሪ የሚሆን አይጠፋም። ያን ጊዜ በከተማችን መካከል ትልቅ አዳራሽ እንዲሠራ ስንመክር ጉልላቱ ምን ያህል እንደሚያበራ፥ መግቢያውም በምን ዓይነት እብነ በረድ እንደሚነጠፍ ብቻ አንከራከር። አዳራሹን የምንመዝንበት ሰው የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው የክብር እንግዳ አይደለም፤ እርሱ የትም ቢሆን ይሰማል። የምንመዝንበት ሰው በመጨረሻው ረድፍ፥ በበሩ አጠገብ፥ በርካሽ ቲኬት ገብቶ የቆመው ነው። እርሱ በደንብ አይቶና ሰምቶ ወደ ቤቱ ከተመለሰ አዳራሹ በእውነት የሕዝብ አዳራሽ ነው።